ማስተርሱን መጨረስ ወይስ ወደ ዶክትሬቱ መሻገር?



ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር የምክክር ዓምዳችን የምንመለከተው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ ወረዳ ተነስቶ አሁን ለትምህርት ማሌዥያ የሚገኝ አንድ ወንድማችን የላከልንን ጥያቄ ነው። ስሙንና የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ እንዳንጠቅስ አደራ ብሎናልና አደራውን እንጠብቃለን። ጉዳዩ ግን የእሱ ብቻ ስላልሆነ፣ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆቻችሁን ርቀው እንዲማሩ የላካችሁ ወላጆችም አብራችሁን እንድታስቡበት በይፋ ልንነጋገርበት ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማችን የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ጀምሮ አንዱን ዓመት አጋምሶ አልፏል። የሚያጠናው የትውልድ ቀዬውን ኮምጣጣ አፈር፣ ኖራ ቢጨመርበት ምን ያህል እንደሚሻለው ነው። ሥራው ያስደሰታቸው አማካሪው፣ «ማስተርሱን ተወውና ምዝገባህን ወደ ዶክትሬት አዙረው፤ የሦስት ዓመት ገንዘብ አለኝ» አሉት። መልሱን እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይጠብቃሉ። በአገር ቤት በኩል ደግሞ አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ ዐይናቸው እየደከመ መጥቷል። ሁለት ታናናሽ እኅቶቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። ኒካሕ ታስሮ ሠርጉ ለምረቃው ማግስት የተቀጠረላት ባለቤቱም ሁለት ዓመት ተብላ እየጠበቀች ነው። «እምቢ ብል ዕድሉ ላይመለስ ይችላል፤ እሺ ብል ቃሌን ያጠፍኩ ይመስለኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይለናል።

ወንድማችን ሆይ! በመጀመሪያ ለዚህ ስላበቃህ አላህን አመስግን። ዕውቀት ከአላህ የሚለመን ጸጋ ነው። በቁርኣን ውስጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲጨመርላቸው እንዲለምኑ የታዘዙት ዕውቀትን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በመሆኑም «ይበቃል፣ ምን ያደርግልሃል» የሚል ምክር ከእኛ አትጠብቅ። ነገር ግን ዕውቀት መጨመርና ማዕረግ መጨመር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንተም የተጠየቅከው ልትማር ወይስ ልትተው አይደለም፤ በየትኛው መንገድ ትማር የሚል ነው። ጥያቄህን እንዲህ ካየኸው ግማሹ ጭንቀት ይቀልልሃል።

የሁለቱን ትምህርቶች ልዩነት በአጭሩ እንይ። ማስተርስ ተማሪው የአንድን ሙያ ዘዴ በሚገባ ተምሮ፣ በመምህር እየተመራ አንድ የተወሰነ ጥያቄ መመርመር እንደሚችል የሚያሳይበት ነው። ዶክትሬት ግን ቀድሞ ያልታወቀ ነገር እንዲያበረክትና ለብቻው ቆሞ እንዲከራከርበት ይጠይቃል። የሚለያዩት በዓመታት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሚሸከሙት ጥያቄም ይለያያል።

አሠራሩም ከአገር አገር ይለያያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአገራችን የተለመደው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚወስደውን ማስተርስ ጨርሶ፣ ለዶክትሬት እንደ አዲስ ማመልከት ነው። በብሪታንያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ተማሪን በመጀመሪያ በዝቅተኛው የምርምር ዲግሪ ይመዘግቡና፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሥራውን ፈትነው ወደ ዶክትሬት ያሳድጉታል። በአሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት የተለመደ ነው፤ በመሐል ያቋረጠም ተገቢውን ካሟላ ብዙ ጊዜ ማስተርሱን ይዞ ይወጣል። በማሌዥያ፣ በምርምር ማስተርስ የሚማር ጎበዝ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፉን ሳያስረክብ ምዝገባውን ወደ ዶክትሬት እንዲያዞር የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለአንተ የቀረበልህ ይህ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባህ፣ መሻገሪያው እንጂ መመለሻው በየቦታው አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ተሻግሮ ዶክትሬቱ ያልሆነለት ተማሪ አንዱ ዘንድ ማስተርሱን ያገኛል፤ ሌላው ዘንድ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የኛ አባቶች በዚህ ጉዳይ የነበራቸውን ልማድ ማስታወስ ይጠቅማል። በወሎ በጀማ ንጉሥ፣ በገታ፣ በዳና፣ በሾንኬ የቀራ ደረሳ ኪታቡን የሚያልፈው በተራ ነበር። ነሕው የሚቀራ በአጅሩሚያ ጀምሮ ወደ አልፊያ ያድጋል እንጂ፣ ጭንቅላቱ ፈጣን ነው ተብሎ መሠረቱን አይዘልም። አጭሩን መትን ያልያዘ ደረሳ ሰፊው ሸርሕ ውስጥ ቢገባ ቃላቱን ይሰማል እንጂ ነገሩ የት እንዳለ ያጣዋል። አንዱን ፈን ከአንድ ሸይኽ ጨርሶ ለሌላው ፈን ወደ ሌላ ሸይኽ መሄድም የተለመደ ነበር። የደብረ ኤልያስ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይህን ያውቁታል። ቦታው በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያም ተማሪው ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው የሚያልፈው የያዘውን አጥንቶ ነው። በሁለቱም ልማድ ኢጃዛ ወይም ምስክርነት የሚሰጠው ለተጨረሰ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉም ተማሪ እኩል ይዘገይ ማለት አይደለም። ሸይኹ የደረሳውን ብርታት አይተው ቶሎ ያሳልፉት ነበር፤ ያሳለፉት ግን ያለፈውን መያዙን አረጋግጠው ነው።

አሁን ወደ ራስህ ጥናት እንምጣ። መሻገር ይገባህ እንደሆነ በይበልጥ የሚነግርህ የምታጠናው ጥያቄ ራሱ ነውና።

አንተ እንደምታውቀው፣ ለሌሎች አንባቢያን ግን እንግለጸው፤ ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ፣ ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሳሰሉትን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል። ገለባው ከማሳው ሲነሳና አንዳንድ ማዳበሪያዎች ለብዙ ዓመታት ሲደጋገሙ ነገሩ ይባባሳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፎረስም በአፈሩ ይታሰርና ሰብሉ አያገኘውም። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ጨምሮ ስንዴው የሚቀጭጨው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው እንደሚጠቅሱት ከአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በዚህ ችግር የተነካ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በዓባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል አለ። ይሁን እንጂ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በአሥራዎች የሚቆጠር ኩንታል ስለሆነ፣ ማጓጓዣው ለደብረ ኤልያስ ገበሬ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ጥያቄ ይወጣል። የመጀመሪያው፣ «ኖራ የተጨመረበት ማሳ በዚህ ዓመት ምን ያህል ተሻለ?» የሚል ነው። ይህን አንድ መኸር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ የማስተርስ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ «አንድ ጊዜ የተጨመረ ኖራ ለስንት ዓመት ይሠራል? ገበሬው ያወጣውን ገንዘብ በስንተኛው ዓመት ያገኘዋል?» የሚል ነው። ኖራ ከተጨመረ በኋላ ጥቅሙ ለተከታታይ ዓመታት የሚቆይ በመሆኑ፣ ይህን ጥያቄ በአንድ መኸር የሚመልሰው የለም። ማሳውን ዓመት በዓመት መከታተል ያስፈልጋል። ይህ የዶክትሬት ጥያቄ ነው፤ ለገበሬውም ከፊተኛው የበለጠ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ስለዚህ ራስህን የምትጠይቀው «ዶክተር ልባል ወይስ አልባል» ብለህ ሳይሆን፣ «የትኛውን ጥያቄ ይዣለሁ?» ብለህ ይሁን። ሁለተኛውን ከያዝክ መሻገር ምክንያት አለው። የመጀመሪያውን ይዘህ ዓመቱን ብቻ የምታስረዝመው ከሆነ ግን፣ አማካሪህ ገንዘብ ስላላቸው ብቻ ትንሿን ጥያቄ ለአራት ዓመት መለጠጥ ዕድሜን ማባከን ነው። ለረዥም ጥያቄ መታገሥ ፍሬ እንዳለው የሚያሳዩን የራሳችን ሰዎች አሉ። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና ታሪክ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በብሪታንያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። በዚያው ጥናት ላይ የተመሠረተው መጽሐፋቸው የወጣው በ2001 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እስካረፉም ድረስ ዕድሜያቸውን በዚያው መስክ ሲያስተምሩና ሲጽፉ አሳለፉ። እንዲህ ያለ ሥራ ከማዕረጉ በኋላም ተመራማሪውን አይለቅም፤ ስለዚህ ዛሬ የምትመርጠው ከምረቃ በኋላም አብረኸው የምትኖረውን ጥያቄ ነው።

ሌላው ጉዳይ የቀን አቆጣጠር ነው። የዩኒቨርሲቲው ቀን አቆጣጠርና የደብረ ኤልያስ ክረምት አንድ አይደሉም። ኖራ ከዘር በፊት፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። የመሻገሪያ ወረቀትህ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲዞር ሰኔ ካለፈ፣ የመጀመሪያው ክረምት አመለጠህ ማለት ነው። ክረምት ደግሞ በዓመት አንዴ እንጂ ሁለቴ አይመጣም። ከሦስቱ ዓመት አንዱን በዚህ አጥተህ፣ የመጨረሻውን ለመጻፍ ብትተው፣ በእጅህ የሚቀረው ስንት መኸር ነው? በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ መንገድና ኢንተርኔት እንዴት እንደተቋረጠ አይተናል። ማሳው ላይ መድረስ የማትችልበት ዓመት ሊገጥምህ ይችላል። የሦስት ዓመት ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ጥናት ጠባብ ነው።

እንግዲህ ከመወሰንህ በፊት የሚከተሉትን ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።

አንደኛ፣ ዶክትሬቱ ባይሳካ ማስተርሱን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? ይህ በአማካሪህ ቃል ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ደንብ የሚታይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ወደ አራተኛ ዓመት ቢዘልቅ የትምህርት ክፍያውንና መኖሪያውን ማን ይከፍላል?

ሦስተኛ፣ አማካሪዬ ጡረታ ቢወጡ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሄዱ ማን ይረከበኛል?

አራተኛ፣ የሁለት ዓመት ፈቃድ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ያራዝምልኛል ወይ? የፈረምኩት ውል ምን ይላል?

አምስተኛ፣ በመካከሉ ማስተርስ የሌለው ዶክትሬት በአገር ቤት በአቻ ግመታ እንዴት ይታያል? ይህን ከወዲሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ፣ ተመርቀው ከመጡ በኋላ ከመንከራተት ያድናል።

በጽሑፍ ስንል በአማካሪህ ላይ ክፉ ማሰብ አይደለም። በቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ አስታውስ፤ ሰዎች በጊዜ የተወሰነ ዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉ የሚያዝ ነው። በአል-ከህፍ ምዕራፍም ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸድር ዕውቀት ሲፈልጉ፣ መምህሩ ገና ከመነሳታቸው በፊት ሁኔታቸውን ነገሯቸው፤ ሙሳም ተቀበሉ። ከሁለተኛው ስህተት በኋላ ደግሞ፣ ዳግም ከጠየቁ መለያየት እንደሚገባቸው ራሳቸው ሙሳ ተናገሩ። በነቢይና በመምህሩ መካከል እንኳ ሁኔታው በግልጽ ከተነገረ፣ በእኛ መካከል መነገሩ ምን ነውር አለው?

የቤተሰብህን ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣነው አነስተኛ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሰው ለጂሃድ ሊወጣ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው፣ ትግሉን እነሱን በማገልገል እንዲያደርገው እንደመለሱት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ አባትህን ጠይቃቸው። ስትጠይቃቸው ግን «ዶክተር ልሆን ነው» ብለህ አትጀምር፤ ይህን ሰምቶ «አይሆንም» የሚል አባት አይገኝም። ይልቅ፣ «አባዬ፣ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊጨመር ነው፤ በየወሩ መላክ የምችለው ይህን ያህል ነው፤ ሽመናውን ብትተው ቤቱ በምን ይኖራል?» ብለህ ቁጥሩን ንገራቸው። የእኅቶችህ ትምህርት አንተ ስለተማርክ የሚቋረጥ ከሆነ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ዕውቀት ጨመረ ማለት አንችልም።

ባለቤትህን በሚመለከት፣ የመጠበቁን ነገር ከእሷ ሳትሰማ መወሰን አይገባህም። ኒካሕ ከታሰረ መብት አላት። አባቷ ወይም ወንድሟ እሺ ስላሉ ብቻ እሷ እሺ ብላለች አይባልም። ብትሻገር ሠርጉን ለዶክትሬቱ ምረቃ ማስተላለፍን አንመክርም። በሰላምታና በዱዓ ያለ ብዙ ድግስ ተጋብታችሁ አብራችሁ የምትኖሩበትን፣ ወይም እሷም የምትማርበትን መንገድ ፈልጉ። ትዳርን በዲግሪ ቀጠሮ ማሰር የብዙ ቤት ችግር ሆኗል። በእኅቶቻችን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ወንዱ ሲሻገር «ጎበዝ» ይባላል፤ እሷ ስትሻገር «ማን ያገባታል» ይባላል። ወላጆች ሆይ! ለወንድ ልጃችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ ለሴት ልጃችሁም ጠይቁ፤ ጥያቄዋ ረዥም ዓመት የሚገባው ከሆነ አግዟት።

እንግዲህ ሐሳባችንን በግልጽ እንንገርህ። በነገርከን መሠረት የእኛ ምክር፣ ማስተርሱን ጨርስ የሚል ነው። የአንድ መኸር ውጤት በእጅህ አለ፤ ለማስተርስ ይበቃል፤ የቀረህ መጻፉ ነው። ነገር ግን ዝም ብለህ አትጨርስ። አማካሪህን አመስግነህ፣ ለሁለተኛው ጥያቄ የዶክትሬት ዕቅድ አሁኑኑ አቅርብላቸው፤ ገንዘቡ እስከሚቀጥለው ቅበላ ይቆይ እንደሆነም ጠይቃቸው። በዚሁ ጊዜ በአገር ቤት ፈቃደኛ ገበሬ ፈልገህ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ትንሽ መሬት ላይ ኖራ እንዲደባለቅ አድርግ። ከጎኑም ኖራ ያልነካው መደብ ይቀመጥ፤ የተጨመረው መጠንና ቀኑም ይመዝገብ። አንተ ስትጽፍ ማሳው ዓመቱን ይቆጥርልሃል። ወደ ዶክትሬት ብትገባ አንድ ክረምት ቀድመሃል፤ ባትገባም ገበሬው ተጠቅሟል።

አማካሪህ «አሁን ካልሆነ አይሆንም» ቢሉህስ? መመለሻው በደንቡ ተጽፎ ካየኸው፣ አራተኛው ዓመት ከተሸፈነ፣ አባትህና ባለቤትህም ነገሩን በዝርዝር ሰምተው ከተስማሙ ቢስሚላህ ብለህ ተሻገር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን እምቢ በል። በሰላም የተባለ እምቢታ ስንፍና አይደለም፤ የተጨረሰ ማስተርስ የያዘ ሰው ነገ ሌላ በር ማንኳኳት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ኒያህን መርምር። በቂያማ ቀን በመጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ «ዓሊም» ለመባል ብሎ የተማረ መሆኑን የሚነግረንን ሐዲስ አንርሳ። ማዕረጉ ቢቀርብህ እንኳ ጥናቱን የምትፈልገው ከሆነ ኒያህ ደህና ነው። ከዚያም ኢስቲኻራ ስገድ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ለሰሃቦች የቁርኣንን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ያስተምሯቸው ነበር። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ዱዓውን ማድረግ ነው እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሕልም መጠበቅ አይደለም። ጠይቅ፣ ተማከር፣ ስገድ፤ ከዚያ ወደ ቀናልህ ተራመድ። የተዘጋውን በር እያየህም አትቆዝም።

ይህን መንገድ ያለፋችሁ አንባቢያን፣ ተሻግራችሁ የተጠቀማችሁም ሆናችሁ ጨርሳችሁ የቀጠላችሁ፣ ብትጽፉልን ለሌሎች እናካፍላለን። አላህ የሚጠቅም ዕውቀትና ሐላል ሲሳይ ይስጠን፤ ለወንድማችንም ለዲኑ፣ ለዱንያውና ለመጨረሻው ኸይር የሆነውን ያግራለት። አሚን። ወላሁ አዕለም።